ለአሮጌ ማውዘር አዲስ መቀርቀሪያ በቶርኖ ቀርጾ መተኮስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «በፈቃድ የያዝኩት፣ ከጦር ሠራዊት ትርፍ ዕቃ የወጣ ማውዘር 98 ጠመንጃ አለኝ። በርሜሉና አካሉ ደህና ናቸው፤ መቀርቀሪያው ግን የለም። ሥራዬ ቶርኖና ሚሊንግ ስለሆነ የጓደኛዬን ተመሳሳይ ጠመንጃ መቀርቀሪያ አውጥቼ በማይክሮሜትር ለክቻለሁ። ከአሮጌ የመኪና አክስል ወይም 12.9 የሚል ጽሑፍ ካለበት ትልቅ ብሎን ቀርጼ፣ ቀይ እስኪሆን አግዬ፣ ዘይት ውስጥ ነክሬ ላጠነክረው አስቤያለሁ። ከዚያም ጠመንጃውን ጎማ ላይ አስሬ ቃታውን በገመድ እየሳብኩ 10 ጥይት እተኩሳለሁ። ምንም ካልሆነ በእጄ ይዤ መተኮስ እችላለሁ?»

ምላሽ፦ ለመተኮሻ የሚያገለግል መቀርቀሪያ በዚህ መንገድ አይሥሩ። የእጅ ሙያዎን ተጠራጥሬ አይደለም፤ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ የመቀርቀሪያውን ቅርጽ እስከ መቶኛ ሚሊ ሜትር ድረስ ሊደግመው እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን ዕቅድዎ የቆመው በአራት ግምቶች ላይ ነው፤ ልክ ከሌላ ጠመንጃ ሊወሰድ ይችላል፣ ጠንካራ የተባለ ብረት ሁሉ ይበቃል፣ የብረት ግለት በዓይን ይታወቃል፣ አሥር ጥይት ማረጋገጫ ይሆናል የሚሉት ናቸው። አራቱም ስሕተት ናቸው፤ ከአራቱም ደግሞ አደገኛው የመጨረሻው ነው።

በመጀመሪያ መቀርቀሪያው፣ ማለትም ሲተኮስ የበርሜሉን ጀርባ ዘግቶ የሚቆልፈው ክፍል፣ ምን እንደሚሸከም እንመልከት። ሲአይፒ የተባለው ዓለም አቀፍ የጦር መሣሪያ ፍተሻ ኮሚሽን የማውዘር 98 መደበኛ ጥይት ለሆነው 7.92×57 ሚ.ሜ. የሚፈቅደው ከፍተኛ ግፊት 3900 ባር ነው። የዚህ ጥይት ቀለህ፣ ማለትም ባሩዱን የያዘው የናስ ቅርፊት፣ ታችኛው ጫፍ ወደ 12 ሚ.ሜ. ስፋት አለው። ግፊቱ በዚህ ስፋት ላይ በሙሉ ቢያርፍ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ተኳሹ ፊት፣ የሚገፋው ኃይል 44 ኪሎ ኒውተን ያህል፣ ከአራት ቶን ተኩል ክብደት ጋር የሚቀራረብ ይሆናል። በተግባር ግፊቱ የሚያርፈው በቀለሁ ውስጣዊ ስፋት ላይ ስለሆነና የቀለሁ ግድግዳም በበርሜሉ የጥይት ማደሪያ ላይ ተጣብቆ ከፊሉን ስለሚይዝ፣ የሚደርሰው ጭነት ከዚህ ያንሳል፤ ያም ሆኖ በቶን የሚቆጠር ነው። ይህ ጭነት ቀስ ብሎ የሚጫን ሳይሆን ከሰከንድ ሺኛ እጅ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እንደ መዶሻ የሚመታ ነው፤ የሚቀበሉትም ከመቀርቀሪያው ፊት ያሉት ሁለት ትናንሽ የመቆለፊያ ጉጦች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ቀለህ ወርዋሪው እንዲያልፍበት ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ከኋላ ያለው ሦስተኛው ጉጥ በተለመደው ሁኔታ ጭነት አይሸከምም፤ የፊተኞቹ ቢሰበሩ መቀርቀሪያው ፊትዎን እንዳይመታ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። ጉጡ ከመቀርቀሪያው አካል ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን በስለታም መቁረጫ ቀጥ ተደርጎ ከተቆረጠና መጠነኛ ክብነት ካልተተወለት፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የተሰነጠቀው ጉጥ ሥር ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ማዕዘን አንድ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። በጥያቄዎ ውስጥ «ጠንካራ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጨፍልቋል። ሸክላ ጠንካራ ነው፤ በምስማር ቢቧጥጡት በቀላሉ አይጫርም፤ ከእጅ ሲወድቅ ግን ይሰባበራል። ለስላሳ ሽቦ በሞረድ ወዲያው ይበላል፤ ቢመታ ግን ይታጠፋል እንጂ አይፈነዳም። መቀርቀሪያ ሁለቱንም ጠባዮች በአንድ ዕቃ ላይ ይፈልጋል፤ ገጹ በጉጦቹና በመንሸራተቻዎቹ ላይ እንዳይበላ ጠጣር፣ ውስጡ ደግሞ ምትን ውጦ የሚለጠጥ መሆን አለበት። የማውዘር ሠሪዎች ይህን ያገኙት አነስተኛ ካርቦን ያለውን ብረት መርጠው፣ ቀርጸው ከጨረሱ በኋላ ካርቦን ወደ ገጹ ብቻ እንዲሰርግ በማድረግና ስሱን የውጭ ሽፋን በማጠንከር ነው። ሽፋኑ ቀጭን ነው። በአሮጌ መቀርቀሪያ ጉጥ ላይ ሞረድ ወይም ድንጋይ ማሳረፍ የማይፈቀደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሽፋኑ አንዴ ካለፈ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት በጥቂት ተኩስ ይጨፈለቃል።

የመኪና አክስል በአብዛኛው መካከለኛ ካርቦን ያለው ብረት ሆኖ ገጹ ብቻ የጠነከረ ነው። ትክክለኛ ውሁዱን አያውቁትም፤ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደተጠማዘዘና ውስጡ ምን ያህል ስንጥቅ እንደጀመረ ደግሞ ፈጽሞ አያውቁም። አሮጌ አክስል የተጣለው ደክሟል ተብሎ ሊሆን እንደሚችል ልብ ይበሉ። በብሎኑ ራስ ላይ የተጻፈው 12.9 ደግሞ ትርጉም ያለው ቁጥር ነው፤ ብረቱ ከመበጠሱ በፊት 1200 ሜጋ ፓስካል ያህል እንደሚችልና ከዚህም 90 በመቶው ድረስ በቋሚነት ሳይለጠጥ እንደሚቆይ ይናገራል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚናገረው ብሎኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ስለነበረበት ሁኔታ ነው። ያ ሁኔታ የተገኘው በተለካ ሙቀት ተነክሮ፣ ከዚያም በተለካ ሙቀት እንደገና ተሞቆ እንዲለዝብ ስለተደረገ ነው። እርስዎ ቀይ እስኪሆን ሲያግሉት ያንን ሁሉ ይሰርዙታል፤ ዘይት ውስጥ ነክረው ሳያለዝቡ ከተዉት ደግሞ በእጅዎ ያለው ሸክላ ነው።

«ቀይ እስኪሆን» ለሚለው አነጋገር ታሪክ አንድ ውድ ትምህርት ትቶልናል። በማውዘር አሠራር ላይ ተመሥርቶ የተሠራው የአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ 1903 ጠመንጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 አካሉ እየተሰበረ አደጋ ማድረስ ሲጀምር ምርመራ ተደረገ። በፋብሪካው የብረቱን ግለት የሚወስኑት ልምድ ያላቸው ሠራተኞች በቀለሙ አይተው ነበር። ሙቀት መለኪያ ሲመጣ ግን ትክክል ነው የተባለው ቀለም ከሚገባው እስከ 300 ዲግሪ ፋራናይት የበለጠ ሊሆን እንደሚችል ታወቀ፤ ፀሐይ በደመቀበት ቀን የጋለው ብረት ደብዘዝ ብሎ ስለሚታይ ሠራተኛው ይበልጥ ያግለው ነበር። ከመጠን በላይ የጋለው ብረት ውስጣዊ አደረጃጀቱ ተበላሽቶ ተሰባሪ ሆነ። አሠራሩ ተለውጦ ድርብ የማጠንከሪያ ዘዴ ሲገባ፣ በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ተከታታይ ቁጥራቸው ከ800,000 በታች፣ በሮክ አይላንድ ደግሞ ከ285,507 በታች የሆኑት ጠመንጃዎች አጠራጣሪ ተብለው ተለዩ። ዛሬም ጠንቃቃ ሰው አይተኩስባቸውም። እነዚያ ሠራተኞች ዕድሜያቸውን በሙሉ ብረት ያጋሉ ሰዎች ነበሩ፤ በዓይናቸው መለካት ካልቻሉ እኔም እርስዎም አንችልም። ከዚህ ታሪክ ሌላም ነገር ማንሳት ይገባል፤ ከተበላሹት መካከል ብዙዎቹ የፋብሪካውን ፍተሻ አልፈው፣ ለዓመታት ሲተኮስባቸው ቆይተው ነበር።

ቀጥሎ ልኩ። ከጓደኛዎ ጠመንጃ የወሰዱት ልክ የጓደኛዎ ጠመንጃ ልክ ነው። በሙያው ሄድስፔስ የሚባል መጠን አለ፤ ይኸውም መቀርቀሪያው ተቆልፎ ሳለ ከመቀርቀሪያው ፊት ጀምሮ ጥይቱ በማደሪያው ውስጥ እስከሚቆምበት ነጥብ ድረስ ያለው ርቀት ነው። እንደ 7.92×57 ባሉ ጥይቶች መቆሚያው የቀለሁ ትከሻ ሲሆን፣ ጠርዝ ባላቸው ጥይቶች ግን ጠርዙ ራሱ ነው። ርቀቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች በአንድነት ናቸው፤ ማደሪያው ምን ያህል ጠልቆ እንደተቀረጸ፣ በጠመንጃው አካል ውስጥ ያለው የጉጦቹ መቀመጫ ምን ያህል እንደተጨፈለቀ፣ እና የመቀርቀሪያው ጉጦች ከፊቱ ምን ያህል ርቀው እንዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእርስዎ ጠመንጃ ውስጥ ያሉ ስለሆኑ የጓደኛዎ መቀርቀሪያ ስለ እነሱ የሚነግርዎ ነገር የለም። የሚፈቀደው ልዩነት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለመረዳት የስፕሪንግፊልድን .30-06 ጥይት ይውሰዱ፤ አነስተኛው ልክ 1.940 ኢንች ሲሆን ጠመንጃው ከአገልግሎት የሚወጣበት የመጨረሻው ልክ 1.950 ኢንች ነው። በመካከላቸው ያለው ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ ሲያልፍ የሚሆነው ይህ ነው። ቃታው ሲሳብ በመቀርቀሪያው ውስጥ የሚወነጨፈው መርፌ፣ በቀለሁ ጀርባ ያለውን ባሩድ አቀጣጣይ ካፕሱል ሲመታ ጥይቱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ባሩዱ ሲቀጣጠል የቀለሁ ቀጭን የፊት ግድግዳ ተነፍቶ በማደሪያው ላይ ይጣበቃል፤ ወፍራሙ ታችኛው ክፍል ግን ክፍተቱን ለመሙላት ወደ ኋላ ይሸሻል። መካከሉ ይለጠጣል፤ ከመጠን ካለፈም ዙሪያውን ይበጠሳል። ቀለሁ ከተበጠሰ ጋዙን የሚያግድ ነገር አይኖርም፤ ቀጥሎ የሚመጣው በሺህ ባር የሚቆጠር ግፊት ያለው ትኩስ ጋዝና የናስ ፍንጣሪ በመቀርቀሪያው ውስጥ ወደ ተኳሹ ዓይን ነው።

የማውዘር 98 ንድፍ ለዚህ ቀን ጭምር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ልኬት ብቻ የሚወስድ ሰው የሚያመልጡትም እነዚህ ነገሮች ናቸው። በመቀርቀሪያው ሆድ ላይ ያሉት ሁለት ሞላላ ቀዳዳዎች ክብደት ለመቀነስ የተበሱ አይደሉም፤ ካፕሱል ሲበሳ ወደ ውስጥ የሚገባውን ጋዝ በግራው ጉጥ መንገድ በኩል ከፊት ያርቁታል። ከኋላ ያለው ሰፊ ክንፍም የተረፈውን ወደ ጎን ይመልሳል። መርፌው መቀርቀሪያው ተጠማዝዞ ሳይቆለፍ ካፕሱሉን እንዳይነካ የሚከለክለውም በመቀርቀሪያው ጀርባ የተቀረጸው ዘንበል ያለ መንገድ ነው። እሱ በጥቂቱ ቢሳሳት ጠመንጃው ሳይቆለፍ ሊተኩስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከላይ የቆጠርናቸውን ቶኖች የሚሸከም ምንም ነገር የለም። የመርፌው ጫፍ ርዝመት ሲበዛ ካፕሱል ይበሳል፣ ሲያንስ ጥይቱ ይከሽፋል።

የጎማውና የገመዱ ሙከራ ሰው እንዳይጎዳ ይጠቅም ይሆናል፤ መቀርቀሪያው ደህና መሆኑን ግን አያሳይም። ብረት በድካም ሲሰበር በመጀመሪያው ጭነት አይደለም፤ ጥቃቅን ስንጥቅ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ እያደገ፣ የቀረው ብረት መሸከም ሲያቅተው በአንድ ጊዜ ይለቃል። አሥር ጥይት ያለፈ መቀርቀሪያ በአሥራ አንደኛው ላይሰበር ይችላል፤ በሁለት መቶኛው፣ ጠመንጃው በሌላ ሰው እጅ ሳለ ሊሰበር ይችላል። ሕጋዊ የፍተሻ ተቋማት የሚያደርጉት ሌላ ነገር ነው። በሲአይፒ ደንብ ለጠመንጃ ጥይት ፍተሻው የሚደረገው ከሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 25 በመቶ በሚበልጥ የመፈተኛ ጥይት ሲሆን፣ ከተኩሱ በፊትና በኋላ ሄድስፔሱ ይለካል፣ ጉጦቹም ይመረመራሉ። ይህም ሁሉ ሆኖ ፍተሻው የሚደገፈው ብረቱ ምን እንደሆነና እንዴት እንደጠነከረ በሚታወቅበት ማስረጃ ነው። ማስረጃ ለሌለው ብረት የተኩስ ፍተሻ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትክክለኛው መንገድ ቀደም ሲል በፋብሪካ የተሠራ ትክክለኛ መቀርቀሪያ በሕጋዊ መንገድ አግኝቶ ለእርስዎ ጠመንጃ ማስማማት ነው። ማውዘር 98 በብዙ ሚሊዮን የተመረተ በመሆኑ መቀርቀሪያው ከብርቅ ዕቃዎች የሚቆጠር አይደለም። ተከታታይ ቁጥሩ ከጠመንጃው ጋር አለመግጠሙ ለሰብሳቢ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ በራሱ አደጋ አይደለም፤ ቁጥሩ የገጠመ ነገር ግን ጉጡ የተጨፈለቀ መቀርቀሪያ ከማይገጥመው ይልቅ አደገኛ ነው። ዋናው ማሳሰቢያ «ማውዘር» የሚለው ስም ብዙ ዓይነት መሸፈኑ ነው። የዩጎዝላቪያው ኤም 48 ለምሳሌ ከመደበኛው 98 አጠር ያለ አካል ስላለው መቀርቀሪያዎቹ አይለዋወጡም። ከ1898 በፊት የነበሩት የ1893ና የ1895 ሞዴሎች ደግሞ ሦስተኛው ጉጥ የላቸውም። በርሜሉም ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ እስራኤል ብዙ ማውዘሮችን ወደ 7.62×51 ለውጣለች። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የጠመንጃው ሞዴልና ማደሪያው በእርግጥ ለየትኛው ጥይት እንደተቀረጸ በባለሙያ ይረጋገጥ፤ የሄድስፔስ መለኪያውም የሚመረጠው በማደሪያው እንጂ በጠመንጃው ስም አይደለም።

መቀርቀሪያው ሲገኝ ጠመንጃ ጠጋኙ መርፌውንና ቀለህ ሳቢውን አውልቆ በመለኪያ ይፈትሸዋል። «ጎ» በሚባለው መለኪያ ላይ መቀርቀሪያው በጣት ግፊት ብቻ መዘጋት፣ «ኖ ጎ» በሚባለው ላይ ደግሞ አለመዘጋት አለበት፤ «ፊልድ» በሚባለው የመጨረሻ መለኪያ ላይ ከተዘጋ ያ ጠመንጃ በዚያ መቀርቀሪያ አይተኮስም። ከዚያ የሁለቱ ጉጦች ጀርባ በቀለም ተቀብቶ ሁለቱም መቀመጫቸውን እኩል መንካታቸው ይታያል፤ አንዱ ብቻ የሚነካ ከሆነ ጭነቱን ብቻውን እየተሸከመ ነው። የጉጦቹ ሥር በመግነጢሳዊ ዱቄት ወይም ስንጥቅ በሚያሳይ ቀለም መመርመሩ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ተገቢ አይደለም የሚል ጠጋኝ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ። ሄድስፔሱ ከልክ አልፎ ከተገኘ መፍትሔው ሌላ መቀርቀሪያ መሞከር ወይም በርሜሉን በጥቂቱ ወደ ኋላ አስገብቶ ማደሪያውን ማስተካከል ነው። በመቀርቀሪያው ፊት ላይ ብረት በብየዳ መጨመር ወይም ከኋላ ቀጭን ብረት መደረብ አይፈቀድም፤ የብየዳ ሙቀት ከላይ ያልኩትን የገጽ ጥንካሬ ያጠፋል።

በሌሎች ጠመንጃዎች ይህ ሥራ ይቀላል። ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 የመቀርቀሪያው ራስ ለብቻው የሚፈታና ከ0 እስከ 3 በሚደርሱ ቁጥሮች ርዝመቱ እየጨመረ የሚሄድ በመሆኑ ሄድስፔሱ ራሱን በመቀየር ይስተካከላል። የሞሲን ናጋንትም ራስ ይፈታል። ማውዘር ግን አንድ ወጥ ስለሆነ ይህ ዕድል የለውም።

ሕጉን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። በብዙ አገሮች መቀርቀሪያ እንደ ተራ መለዋወጫ አይታይም፤ ግፊት ከሚሸከሙ ዋና ክፍሎች አንዱ ስለሆነ መያዙም ሆነ መሥራቱ የራሱን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ለጠመንጃው ያለዎት ፈቃድ ክፍሉን ለመሥራት ፈቃድ ነው ብለው አይገምቱ። ሁለተኛ፣ መቀርቀሪያው ለምን እንደጠፋ ይጠይቁ። በጥበቃ ምክንያት ለብቻው ተቀምጦ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጠመንጃው ለማሳያ ብቻ እንዲሆን ሆን ተብሎ ከጥቅም ውጭ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ማደሪያው የተበሳ፣ በብየዳ የተደፈነ ወይም አካሉ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ በቀለም ወይም በእንጨቱ ሥር ተሸፍኖም ሊገኝ ይችላል። መቀርቀሪያ ከመፈለግዎ በፊት እንጨቱ ወልቆ ይታይ።

ሙያዎን በዚህ ጠመንጃ ላይ ማዋል ከፈለጉ ግፊት የማይሸከሙ ክፍሎች አሉ፤ የእንጨቱ ብሎኖች፣ የማንገቻው ቀለበቶች፣ የሰደፉ ብረት። ጠመንጃው ለግድግዳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቅርጹን የያዘ፣ የመርፌ መንገድ የሌለውና ጥይት ማጉረስ የማያስችል ማሳያ መቀርቀሪያ መሥራት ይችላሉ፤ ይህም ቢሆን ሕጉ ከፈቀደ ነው። ለመተኮስ ግን በፋብሪካ የተሠራ መቀርቀሪያ በሕጋዊ ሻጭ በኩል ይግዙ፣ ጠመንጃውንና መቀርቀሪያውን አንድ ላይ ለጠመንጃ ጠጋኝ ይስጡ፣ የሄድስፔሱንና የስንጥቅ ምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ይቀበሉ። ያ ወረቀት እጅዎ እስኪገባ ድረስ፣ መቀርቀሪያው ቢገጥምና ያለ ችግር ቢዘጋም እንኳ፣ ጥይት አይጉረስበት።